የፑማኒ ጉድጓድ

ፑማኒ ስትናደድ የሳሪዋን ጫፍ ወገቧ ላይ ትሸጉጣለች። ያን ቀን ጠዋት ኪሊኖቺ መናኸሪያ ስትደርስ ጫፉ ተሸጉጦ ነበር። ልጇ ማላርቪሊ ይህን አይታ ጥቂት እርምጃ ወደኋላ ቀረች። እናቷ እንዲህ ሆና ስትነሳ ከፊቷ ገለል ማለት እንደሚሻል ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች።

ቀኑ እንኳ የሚያናድድ አልነበረም። ወታደር ሰፍሮበት የኖረው የፑሊያዲ መንደር ተለቋል፣ ባለቤቶቹ መጥታችሁ ተረከቡ ተብሏል። በተፈናቃዮቹ ሰፈር ሌላው ሰው ሲስቅና ሲያለቅስ ሰነበተ። ፑማኒ ግን ወሬውን ይዞላት የመጣውን ሰውዬ በሩ ላይ አቁማ አፋጠጠችው።

«የራሴን ቤት ከማን ነው የምረከበው? አውሼያቸው ነበር እንዴ?»

«ፑማኒ አካ፣ እኔ መልእክተኛ ነኝ» አለ ሰውዬው። አካ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራት።

«እንግዲያው መልእክቴን መልስላቸው። ማመስገን የሚባል ነገር ከእኔ አይጠብቁ።»

የፑሊያዲው መሬት የእሷ ነው። ከእሷ በፊት የእናቷ፣ ከዚያ በፊት የአያቷ ነበር። በእነሱ ዘንድ ጥሎሽ የሚወጣው ከሴቷ ቤት ነው። እናት የኖረችበትን ቤት ለልጇ ትሰጣለች፣ ባል ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሚስቱ ቤት ይገባል። የፑማኒ ባል ካናጋሳባይም የገባው እንዲሁ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲቀልድ «እኔ ያገባሁት ጉድጓዱን ነው፤ ፑማኒ ምርቃት ናት» ይል ነበር።

ቀልዱ ያለ ምክንያት አልነበረም። መንደሩ ባሕር ዳር ስለሆነ የጎረቤቱ ጉድጓድ ሁሉ ጨው ጨው ይላል። የእነ ፑማኒ ብቻ ጣፋጭ ነው። ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። በበጋ የመንደሩ ሴቶች እንስራቸውን ይዘው እነሱ ጓሮ ይሰለፋሉ፤ የፑማኒ እናት አንዲትም ሴት ባዶ እጇን መልሳ አታውቅም። ሕጓ ሁለት ብቻ ነበር። ጉድጓዱ አፍ ላይ በጫማ አይወጣም፣ አጠገቡ ሳሙና አይነካም።

ታሚሎቹና መንግሥት የተዋጉበት ጦርነት ሲመጣ ሩዙ እሳት ላይ እንደተጣደ ነው ጥለው የወጡት። ሳምንት ሳይሞላን እንመለሳለን ብለው ነበር። ከዚያ ትምህርት ቤት ወለል ላይ፣ ከዚያ ቤተ መቅደስ ግቢ፣ ከዚያ ጫካ ውስጥ፣ በመጨረሻም ከባድ መሣሪያ ሲዘንብበት በከረመው የባሕር ዳር አሸዋ ላይ ኖሩ። ማላርቪሊ የተወለደችው ሸራ ሥር ነው። በዚህ ሁሉ መሐል ፑማኒ ስለ ጉድጓዱ ማውራት አቁማ አታውቅም። ሰፈሩ ውስጥ በቦቴ የሚመጣው ውሃ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል፤ ሰው ወረፋ ላይ ሲያገኛት «ፑማኒ አካ፣ ጉድጓድሽ እንዴት አደረ?» እያለ ያሾፍባታል። እሷም ጠያቂውን ከእግር እስከ ራሱ አይታ «ካንተ የተሻለ አድሯል» ትላለች።

ካናጋሳባይ የሞተው እዚያው ሰፈር ውስጥ ደረቱን አሞት ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት የቤታችንን ውሃ አምጡልኝ አለ። ፑማኒ የቦቴውን ውሃ በሸክላ አቀዝቅዛ ሰጠችው፤ ሰው ልኬ ያስመጣሁት ነው አለችው። አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና ፈገግ ብሎ «አንቺ ውሸታም» አላት። ሌላ ቃል ሳይናገር አረፈ። ፑማኒ በዚያ ቀን አላለቀሰችም። የተቆጣችው ቁጣ ግን እስከ ዛሬ አልበረደላትም።

አሁን ደግሞ ማላርቪሊን የሚፈልግ ልጅ መጣ። ሞተር ብስክሌት ጠጋኝ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ማላርቪሊም ስሙ ሲነሳ ፊቷ ይበራል። ችግሩ እናቱ ናጋራቲናም ናት። ባሏ የሞተባት፣ ምራቅ የሚያቀላውን ቅጠሏን ከጠዋት እስከ ማታ የምታኝክ፣ ምላሷ የሚፈራ ሴትዮ ናት።

«በዚህ አገር መሬት አለኝ የማይል ማን አለ?» አለች ለሽማግሌዎቹ። «ሸራ ሥር የተኛው ሁሉ ባለርስት ነው። እኔ ሄጄ መሬቱን እረግጣለሁ፣ ከጉድጓዱ እጠጣለሁ። ጣፋጭ ከሆነ ልጄን ይውሰዱት። ጨው ከሆነ ግን ከመጀመሪያውም ዋሽታኛለች ማለት ነው።»

ስለዚህ ሦስቱም ሴቶች አብረው ሊሄዱ መናኸሪያው ተገናኙ። ፑማኒ አዲስ የሸክላ ድስት፣ ወተት፣ ቀይ ሩዝ፣ የዘንባባ ስኳርና ጥቂት ፍልጥ ይዛለች። ወደ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ እሳት አንድዶ ወተት ይጥዳል። ወተቱ ገንፍሎ ሲፈስ ቤቱ ቤት ይሆናል፤ ከዚያ ውሃና ሩዝ ጨምረው ያበስሉታል፣ ከደጅ የቆመ ሁሉ ይቀምሳል። ማላርቪሊ ከቤት ሲወጡ አንድ ጄሪካን ውሃ ልትይዝ ስትል እናቷ ነጥቃት መልሳ አስቀመጠችው።

«ባለጉድጓድ ውሃ ተሸክሞ ቤቱ ይገባል? በዚያች ሴትዮ ፊት መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?»

«ለመንገድ ነው እማ።»

«ለመንገድ ትንሽ ብንጠማ አንሞትም።»

አውቶቡሱ ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመረ። ሾፌሩ የአምላኮቹን ሥዕል በአበባ ከቦ ሙዚቃውን ለቆታል። ፑማኒ መስኮቱ ዳር ተቀምጣ ያለፈውን ሁሉ በዓይኗ ትቆጥራለች፤ አናታቸው የተቀላ ዘንባባዎች፣ ጣሪያ አልባ ቤት፣ ከአጠገቡ አዲስ ቀለም የተቀባ የወታደር መዝናኛ፣ ደግሞ ጣሪያ አልባ ቤት። የዝሆን መሻገሪያ የሚባለው ጠባብ የብስ ላይ ሲደርሱ ከደቡብ፣ ከወታደሮቹ አገር፣ የመጡ ጎብኚዎች ወታደሩ ያቆመው የድል ሐውልት ሥር ተሰልፈው ፎቶ ይነሳሉ። አንዲት እናት ልጇን «ፈገግ በል» እያለች ታባብላለች። በዚያ አሸዋ ላይ ስንት ሰው እንደቀረ ማን ይንገራት? ፑማኒ ፊቷን አዞረች።

«መንገዱን ግን አሳምረውታል» አለች ናጋራቲናም ከኋላ ወንበር። «ወገቤን እንኳ አላመመኝም።»

«መንገድ ምን ያደርጋል?» አለች ፑማኒ ሳትዞር። «ቤት ለሌለው ሰው መንገዱ የሚያደርሰው የት ነው?»

«አንቺ ሴት፣ ቁርስሽን በርበሬ ነው የምትበዪው?»

ማላርቪሊ ሳቋን በሳሪዋ አፈነች።

ጃፍና ከተማ ላይ ሌላ አውቶቡስ ቀይረው እኩለ ቀን ሲቃረብ ፑሊያዲ መገንጠያ ደረሱ። መገንጠያው ላይ ወታደሮች የሚሠሩበት ሻይ ቤት አለ። የጎብኚ አውቶቡስ ሁሉ እዚያ ይቆማል፤ የእነሱም ሾፌር ቆመ። ፑማኒ ከእነዚህ ሰዎች እጅ ጠብታ አልቀምስም ብላ ከማለች ቆይታለች፤ ወርዳ ፀሐይ ላይ ቆመች። ናጋራቲናም ግን ጠምቷታል፤ ሁለት ብርጭቆ አስቀድታ አንዱን ለማላርቪሊ ሰጠቻት።

«ጉድ ነው» አለች ናጋራቲናም ከንፈሯን እየጠረገች። «እንዲህ ያለ ሻይ ከጠጣሁ ስንት ዘመኔ። ቅጠሉ አይደለም ያጣፈጠው፤ ውሃው ነው። ቅመሺው እስቲ።»

«ስኳር ያለበት ሁሉ ይጣፍጣል» አለች ፑማኒ።

«ስኳር ገና አልጨመርኩበትም።»

ፑማኒ ብርጭቆውን አየችው። ግን አልነካችውም። ድስቷን ታቅፋ የመንደሩን መንገድ ቀድማ ተያያዘችው።

መንደር የሚባል ነገር አልነበረም። ቤቶቹን በዶዘር ጠርገዋቸዋል፤ አጥሩ የለም፣ ኮኮናቱ ተቆርጧል፣ መንገድና ጓሮ አይለይም። የተመለሱት ሰዎች ቁጥቋጦ ውስጥ እየተንከራተቱ «የእኛ በር እዚህ ጋ አልነበረም?» ይባባላሉ። አንድ ሽማግሌ የራሳቸውን ቤት መሠረት አጥተው የጎረቤታቸው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ።

ፑማኒ ግን አልተደናገረችም። ያረጀው የኒም ዛፍ ቆሟል። ከዛፉ ጀምራ ቁጥቋጦውን በእግሯ እየገፋች ሄደች፣ ቀዩን የሲሚንቶ ወለል አገኘች። የእናቷ ቤት ወለል ነው። ተንበርክካ በመዳፏ ጠረገችው፤ ማላርቪሊ አብራት ተንበረከከች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምታየው። ናጋራቲናም እንኳ ለትንሽ ጊዜ ማኘኳን ተወች።

«ጓሮው በዚህ በኩል ነው» አለች ፑማኒ ተነስታ። «ኑ ውሃ ላጠጣችሁ።»

ወጥ ቤቱ ከነበረበት ትንሽ አለፍ እንዳሉ የሾህ ሽቦ ገጠማቸው። አዲስ ነው፣ ገና ያብለጨልጫል። የፑማኒን ጓሮ መሐል ለመሐል ለሁለት ሰንጥቆታል። ወለሉ በዚህ በኩል ነው፤ ጉድጓዱ በዚያ በኩል። በጉድጓዱ አፍ ላይ የውሃ መሳቢያ ሞተር ያጓራል፣ ከሞተሩ ሰማያዊ ጎማ ወጥቶ በቁጥቋጦው ሥር ወደ መገንጠያው ይሄዳል። ወደ ሻይ ቤቱ። አንድ ወታደር ቦት ጫማውን እንዳደረገ ጉድጓዱ ከንፈር ላይ ቆሞ ፊቱን በሳሙና ይታጠባል።

ፑማኒ ሽቦው ድረስ ተጠጋች። ድስቱን መሬት አስቀመጠች።

«ውረድ» አለች።

ወታደሩ ዞረ። «ምን አማ?» እናቴ ማለቱ ነው፤ ታሚልኛው የተሰባበረ ነው።

«ከእናቴ ጉድጓድ ላይ ውረድ ነው የምልህ። ጫማህን ይዘህ ውረድ። ሳሙናህንም።»

ልጁ ግራ ገባው። ድምጿ ግን የሚያከራክር አልነበረም፤ ወረደ። ቀጥሎ አለቃው መጣ። ሰላምታ ሰጥቶ፣ በትሕትና፣ ይህኛው ክፍል ለጊዜው ያስፈልጋል አለ። ውሃ የሚገኝበት ሌላ ቦታ የለም፣ ወደፊት ይታያል፣ የተለቀቀላትን ማየት ነው የሚሻላት።

«ለጊዜው?» አለች ፑማኒ። «ባሌ ለጊዜው ነው የሞተው? ይህች ልጅ ለጊዜው ነው ሸራ ሥር ያደገችው? ያፈናቀላችሁኝ ሳያንስ ውሃዬን አፍልታችሁ መልሳችሁ ለእኔው ትሸጡልኛላችሁ?»

አለቃው ታገሺ ብሎ ሄደ። ትሕትናው ይበልጥ አቃጠላት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር፤ ለስድብ መልስ አላት።

ዞር ስትል ናጋራቲናም ሽቦውን በጣቷ ይዛ ጉድጓዱን እያየች ነው። ማላርቪሊ ፊቷ አመድ መስሏል። ያኔ ነው ፑማኒ የሆነውን ሁሉ በአንድ ላይ ያየችው። ውሃ አልያዘችም። ያን ያህል የፎከረችበት ጉድጓድ ሽቦ ማዶ ነው። ልጇ የምትዳርበት ጥሎሽ ግማሹ የወታደር ሆኗል። የልጇ አማት ልትሆን የመጣችው ሴትዮም አጠገቧ ቆማ ታያለች።

የጆሮ ጌጧን መፍታት ጀመረች። እናቷ የሰጠቻት ናት፤ በዚያ ሁሉ ስደት ሩዝ ሲጠፋ እንኳ ያልሸጠቻት።

«መሬቱን አይተዋል» አለች ጌጧን ለናጋራቲናም ዘርግታ። «ጉድጓዱን ከጥሎሹ አውጥቼዋለሁ። በምትኩ ይህንን ይቀበሉኝ።»

«መልሺው ጆሮሽ ላይ» አለች ናጋራቲናም።

«ያንስብዎታል?»

«ጉድጓዱ ከሌለበት ጋብቻ የለም።»

ማላርቪሊ አለቀሰች። ፑማኒ ስትፈልገው የነበረውን ሰው ያገኘች ያህል ቁጣዋን ሁሉ ሴትዮዋ ላይ አዞረችው።

«ልጅዎ የሚያገባው ልጄን ነው ወይስ ጉድጓድ? ሲያዩት አልነበረም እንዴ? እኔ ነኝ ያጠርኩት? ሲጠማዎት እነሱ ዘንድ ሄደው የእኔን ውሃ አወድሰው ጠጡ፤ እኔን ደግሞ ውሃ የለሽም ብለው ልጄን ሊመልሱብኝ ነው? እነሱስ ጠላት ናቸው፤ እርስዎ ምንድን ነዎት?»

ናጋራቲናም ቀዩን ምራቋን ወደ ሽቦው ሥር ተፋች።

«ጨረስሽ? እንግዲያው ስሚኝ፣ አንቺ ቁጡ። ዛሬ ከጥሎሹ ካወጣሽው በገዛ አፍሽ ሰጠሻቸው ማለት ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ አንቺ ቆመሽ ‹ጉድጓድ የለኝም› ልትዪ? እነሱ እንኳ የእኛ ነው ለማለት ገና አልደፈሩም፤ ለጊዜው ነው ያሉት። አንቺ ልትቀድሚያቸው ነው?»

ፑማኒ የጆሮ ጌጧን መልሳ ጨበጠች።

«ጉድጓዱ ከነውሃው፣ ከነሞተሩ፣ ከነሽቦው በጥሎሹ ይጠራ። ልጄ ያግባው። ከዚያ በኋላ የእኔም ነው። እስካሁን ብቻሽን ነበር የምትጮሂው፤ አሁን ግን እኔም አለሁበት። እኔን ደግሞ ገና አላወቅሽኝም» አለች ናጋራቲናም። ቀጠለችና፣ «ውሃው ጣፋጭ ነው። አልዋሸሽኝም» አለች።

ፑማኒ ማመስገን አትችልበትም። ጎንበስ ብላ ሦስት ድንጋይ ለቀመችና ሽቦው ሥር አስጠግታ ጎለተች። ማላርቪሊ ፍልጡን አምጥታ እሳቱን አያያዘችው። ወተቱ ተጣደ።

ያ ወታደር ልጅ ይመለከታል። ትንሽ ቆይቶ አንድ ባልዲ ውሃ ቀድቶ አምጥቶ ሽቦው አጠገብ አስቀመጠ። በዚህ ጊዜ በባዶ እግሩ ነበር።

«አማ፣ ውሃ» አለ። «ውሰጂ።»

ፑማኒ ባልዲውን አየችው። ከጠዋት ጀምሮ ጠምቷታል፤ ምላሷ ከላንቃዋ ጋር ተጣብቋል። ውሃው በፀሐይ ያበራል። ስንት ዓመት የተመኘችው ውሃ ነው።

«እየሰጠኸኝ ነው ወይስ እየመለስክልኝ?» አለችው።

አልገባውም። ፈገግ ብሎ ባልዲውን ጠጋ አደረገው።

«ልዩነቱ የሚገባው ሰው ላክልኝ» አለችና ፊቷን ወደ እሳቱ መለሰች። ሲጨንቀው ባልዲውን እዚያው ትቶት ሄደ።

ወተቱ ተነፋ፣ አረፋው የድስቱን አፍ አልፎ ወጣ፤ መልካም ዕድል ነው በሚባለው በምሥራቅ ጎን ፈስሶ በሽቦው ሥር ወደ ማዶ ሄደ። ናጋራቲናም እልል አለች፤ በየቁጥቋጦው መሬታቸውን ሲፈልጉ የነበሩት ሴቶች ከያሉበት ተቀበሏት። ባልዲውን ማንም ስላልነካው ሩዙን የሚያበስሉበት ውሃ አልነበረም። ወተቱን ብቻ በዘንባባ ስኳር ለመጣው ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ አደሉት። የፑማኒ ድርሻ ጉሮሮዋን እንኳ አላራሰላትም።

ሠርጉ የተደረገው ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት፣ እዚያው ቀዩ ወለል ላይ ነው። ዳሱ ከሽቦው ጋር ተያይዞ ተተከለ። ከበሮ መቺዎቹንና መለከት ነፊዎቹን ናጋራቲናም ፊታቸውን ወደ ካምፑ አስደርጋ አስቀመጠቻቸው፤ ቀኑን ሙሉ አስጮኸቻቸው። ሽማግሌው ጥሎሹን ጮክ ብለው ሲጠሩ «ቤቱ የነበረበት መሬት፣ የኒሙ ዛፍ፣ ጉድጓዱ ከነውሃው» አሉ። እንግዳው ሁሉ አንገቱን አዙሮ በሽቦው ማዶ አየ። ሞተሩ ያጓራ ነበር። አንዳንዱ ለፑማኒ እንግዲህ ደስ ይበልሽ፣ ልጅሽን ዳርሽ አላት። እሷም ደስታዬን ውሃዬ ሲመጣ አሳያችኋለሁ አለች፤ የሳሪዋን ጫፍም ያን ቀን እንኳ ከወገቧ አልፈታችም።

አልመጣም። ሁለቱ ሴቶች አብረው ያልደረሱበት ቢሮ የለም። በየደረሱበት ወንበር ይሰጣቸዋል፣ ለጊዜው ይባላሉ፣ ሻይ ይቀርብላቸዋል። ፑማኒ ሻዩን አትነካም።

እሷ አሁን ከልጇና ከልጇ ባል ጋር ቀዩ ወለል ላይ በተሠራ የቆርቆሮ ቤት ትኖራለች። በበዓል ሰሞን ከደቡብ የጎብኚ አውቶቡስ ሲመጣ ባዶ እንስራዋን ታቅፋ መገንጠያው ላይ ወርዳ ሻይ ቤቱ ፊት ትቆማለች። አትለምንም፣ አትጮህም። ሰው ሻዩን ተቀብሎ ከንፈሩ ጋ ሲያደርስ ጠጋ ብላ አንድ ነገር ትለዋለች።

አንድ ቀን አንዲት ባለመነጽር ሴት ብርጭቆዋን እንደያዘች ፈገግ አለችላትና ፑማኒ የምትለውን እንዲያስረዳት ወደ ባሏ ዞረች። ባልየው ታሚልኛ ይሰማል። ለሚስቱ ከመንገሩ በፊት ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጠጡ፣ የልጄ ጥሎሽ ነው» እያለችሽ ነው አላት።